ገጭተው የማያውቁት ሾፌር

በየከተማው ገጭቶ የማያውቅ አንድ ሾፌር አለ። እሱ አይገጭም፤ ዓለም ናት መጥታ የምትገባበት። አጥሩም፣ ምሰሶውም፣ የሰው በረንዳም ከቦታው ተነስቶ ይመጣበታል። እሱ ምንጊዜም ቆሞ ነበር።

ለሱዳኗ ገዳሪፍ የደረሷት ክቡር ጋረደው ናቸው። ከመተማ ቆላ በስደት መጥተው አንዲት አሮጌ ቦክስ ገዙ፤ ቦክስ የሚሏት ኋላዋ ክፍት የሆነችውን ትንሿን የጭነት መኪና ነው። የእርሳቸዋ ከመመታት ብዛት ፊቷም ሊከፈት ምንም አልቀረው።

ለመድን ቢሮው አስተርጓሚ ለያለምወርቅ የሥራዋ እኩሌታ የእኒህ ሰው ጉዳይ ነበር። የቢሮው አለቃ፣ ሙዲሩ፣ በዓረብኛ ይጠይቃል፤ እሷ በአማርኛ ታደርሳለች፤ መልሱን ግን ሳትሰማው ታውቀዋለች።

«የውሃ ሻጩን አህያስ?»

«ቆሜ ነበር። ጋሪዋን እየጎተተች መጥታ ገባችብኝ።»

«የኒሙን ዛፍስ?»

«ቆሜ ነበር።»

«ዛፉም ቆሞ ነበር ይላል ሙዲሩ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ ሁለታችንም ከቆምን ጥፋተኛው የታለ? በይው እስቲ!»

ይህን ብለው ይምላሉ፤ ለክርስቲያኑ በማርያም፣ ለእስላሙ በወላሂ፣ ማንም ቅር እንዳይለው።

በሰባ ሰባት ረሃቡ ሰዉን ከቀዬው ነቅሎ በገላባት በኩል ወደ ሱዳን ሲያፈሰው፣ የጋረደው መድን ጊዜው አለቀ። ያለ ተእሚን (መድንን በዚያ አገር እንዲህ ነው የሚሉት) ትራፊኩ መኪናዋን ያስራታል፤ መኪናዋ ከታሰረች የጋረደው ቤት ጦሙን ያድራል። ሙዲሩም ምርጫውን ዘረዘረ። ሙሉ ሽፋን አለ፤ ለአደገኛ ሾፌር ግን አረቦኑ የሌላው ሰው ሦስት እጥፍ ነው። ለሦስተኛ ወገን ብቻ የሚከፍልም አለ፤ እሱ የተገጨውን ይክሳል እንጂ ለቦክሷ አንዲት ብሎን አይገዛም። ደግሞ ሙሉ ሆኖ ረከስ ያለ አለ፤ ማሽላ እንጂ ሰው መጫን ይከለክላል። ሰው የተጫነ ዕለት ውሉ ፈረሰ፤ ካሣ የሚባል ነገር የለም።

«ሰዓቱን ለምን አትቀንሱልኝም?» አሉ ጋረደው። «በቀን ስንት ሰዓት እነዳለሁ? አብዛኛውን ቆሜ ነው የምውለው። ለቆምኩበት አረቦን ምን ሲደረግ!»

ሙዲሩ ሳቁን ዋጠ። ጋረደውም እያጉረመረሙ ረከስ ያለውን ወሰዱ።

ጥር ላይ አንድ ትልቅ ሎሪ በገላባት መንገድ ላይ ቦክሷን ከኋላ መትቶ ሳይቆም ሄደ። ያለምወርቅ ጉዳቱን እንድታይ ተላከች። ኋላዋ ተጨማዶ መንገድ ዳር ቆማለች። ከግራሩ ጥላ ሥር የአርማጭሆ ስደተኞች ተቀምጠዋል፤ አፈሩ ገና ከእግራቸው አልተራገፈም።

«ጭኖን ሲመጣ ነበር» አሏት አንድ ሽማግሌ። «ውሃ ሊያጠጣን አውርዶን፣ እሱ ቆሞ ሳለ መቱበት። ኪራይም አልጠየቀን፣ እግዜር ይስጠው።»

ያለምወርቅ ክው አለች። ሰውየው የምር ቆመው ነበር! ያ እውነት ደግሞ ካሣቸውን ይዞ ገደል ሊገባ ነው። በማግስቱ ከቢሮው በር ላይ ጠብቃ ያዘቻቸው።

«ጋሼ፣ ‘ባዶዬን እየነዳሁ ነበር’ ይበሉ። ቆሜ ነበር ካሉ ለምን ቆሙ ይባላል፤ ሰው ጭኜ ነበር ካሉ አለቀልን።»

ጋረደው ቱግ አሉ። «በዕድሜዬ አንድ ጊዜ የምሬን ብቆም፣ አንቺ ልታስነጂኝ? ሞቼ ነው!»

ሙዲሩ ፊት ቀረቡ። ምን ሲያደርጉ ተገጩ?

«ቆሜ ነበር» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ስደተኛ ጭኜ፣ ያለ ኪራይ፣ ውሃ ላጠጣቸው ወርጄ።»

ያለምወርቅ አንድ ቃል ሳትቀንስ ተረጎመች። ሙዲሩ ግን እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ይኼን ሰው አላውቀውም እንዴ? ቆሜ ነበር ካለ ይነዳ ነበር። ሰው በነጻ ጫንኩ ካለማ ባዶውን ነበር። በሉ መኪናውን ጠግኑለት።»

«በማርያም ቆሜ ነበር! ወላሂ ጭኛለሁ!»

በማሉ ቁጥር ሙዲሩ ልቡ እየሞላ ሄዶ ፈረመ። ያለምወርቅን የጠየቃት አልነበረም፤ እሷም ያልተጠየቀችውን አልመለሰችም።

ውጭ ሲወጡ ጋረደው እንደ ተረታ ሰው ግድግዳውን ተደገፉ። «አላመነኝም እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ሕፃናት ነበሯቸው፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ። እንዴት ብዬ ልለፋቸው?»

«እኔ አምኜዎታለሁ፣ ጋሼ።»

ጋረደው ለጠርጣሪ የሚሆን መልስ ሞልቷቸዋል፤ አምኖ ለሚመጣ ግን አንድም አላዘጋጁም። አንገታቸውን ደፉ።

በሳምንቱ ቦክሷ ተጠግና ወጣች። ጋረደው ከቢሮው ፊት አቁመው በጀሪካን በጀሪካን ውሃ ይጭኑባታል። ወደ ገላባት የሚመለሱት ማሽላ ብቻ ሊያመጡ መሆኑን፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ደጋግመው ነገሯት። ያለምወርቅ እኒህን ሰው ከልቧ ወደደቻቸው። እየወደደቻቸውም ፈጠን ብላ በረንዳው ላይ ወጣች፤ ወደ ኋላ ሊነዱ ነበርና።