ገንዳ አድራቂዎቹ

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» እንዳትሉኝ። የዛሬው ተረት ከበረቱ አምልጦ ጫካ ገብቷል፤ እዚያው ሄደን ብንፈልገው ይሻላል።

ድሮ ድሮ፣ ገደል ለገደል የሚወርድ አንድ ወንዝ ነበር። ከወንዙ ወዲህ አንድ ትልቅ ሾላ፣ ከወንዙ ወዲያ አንድ ትልቅ ዝግባ ቆመው ይተያያሉ። ከሾላው ሥር እንደ ገንዳ የተቦረቦረ ድንጋይ አለ። ሾላው ፍሬውን ይጥልበታል፣ ምንጭ ይንጠባጠብበታል፣ ፀሐይ ታሞቀዋለች፤ ያ ሁሉ ተዋውጦ ሲያድር አረፋ ይደፍቃል። ጌሾ አልገባበት፣ ብቅል አልነካው፣ ግን አናት ላይ ይወጣል። ጠማቂ የሌለው ጠላ በሉት።

የጫካው ሽማግሌዎች ታዲያ ጠላ ነው አይሉም። «መድኃኒት ነው፤ ለሆድ ቁርጠት» ይላሉ። እንዲያው የእነሱ ሆድ ነገር! ቀኑን ሙሉ ደህና ውሎ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሁሉንም አንድ ላይ ይቆርጣቸው ነበር።

ልጅ የነገሩትን ይረሳል፣ ያየውን ይይዛል። ውሎ አድሮ የጫካውን ወጣቶችም ሆዳቸውን ይቆርጣቸው ጀመር።

ይህን መጀመሪያ ያየችው ቆቅ ናት። ቆቅ ቤቷ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው፤ እሷን የሚያያት የለም፣ እሷ ግን የማታየው የለም። አንድ ቀን ክንፏን እያርገበገበች ጎረቤቷ ማንጠግቦሽ ዘንድ ሄደች። ማንጠግቦሽ ጉሬዛ ናት። ያንን ነጭ ጋቢ የመሰለ ጸጉሯን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ሾላው ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ቅጠል ትለቅማለች።

«ማንጠግቦሽዬ፣ መቼም እኔ ወሬ እንደማልወድ ታውቂያለሽ» አለች ቆቅ።

«አውቃለሁ» አለች ማንጠግቦሽ። ጉርብትና ነዋ፣ ምን ትበል?

«የሚዳቋው ልጅ ትናንት ጉቶ አቅፎ ‹አጎቴ፣ እንዴት ከረሙ?› ሲል አየሁት። ጉቶው ዝም ቢለው ተቀይሞ ሄደ። የከርከሮው ልጅ ደግሞ ከገዛ ጥላው ጋር ተጣልቶ ‹ምን ያስከትልሃል?› እያለ ድንጋይ ይወረውርበታል።»

ማንጠግቦሽ ከት ብላ ሳቀች። የጎረቤት ልጅ ጉድ ሁልጊዜ ያስቃል።

«ያንቺው አንዳርጌም አለበት።»

ሳቁ እዚያው ቀረ።

«አንዱን ቅርንጫፍ ሁለት አድርጎ ያያል መሰለኝ። የሌለውን ልይዝ ብሎ ዘሎ ቁጥቋጦዬ ላይ ወደቀ። ጎጆዬን ደረመሰብኝ፤ እሱስ ይሁን» አለች ቆቅ። ይሁን ትበል እንጂ ለጫካው ሁሉ ተናግራ ነበር የመጣችው።

ማንጠግቦሽ ወደ ወንዙ ዞር ብላ አየች። ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላና ሾላውን እስከ ወገቡ ይውጠዋል። ስለዚህ ጉሬዛዎች ጎርፉ ሳይደርስ ከሾላው ጫፍ ዘለው ዝግባው ላይ ያርፋሉ። ሕፃን እናቱ ደረት ላይ ተለጥፎ ይሻገራል፤ የደረሰ ልጅ ግን ለብቻው ይዘላል። ዘንድሮ የአንዳርጌ ተራ ነው። ከሥር ያለው ደግሞ ድንጋይ ያገጠጠ ወንዝ ነው። አንዱን ቅርንጫፍ ሁለት አድርጎ የሚያይ ልጅ የቱን ሊይዝ ነው?

ቅጠሏን ጥላ የጫካው ዳኛ ወደ ሆነው ወደ ጎሹ ሮጠች። ጎሹን ሁሉም «አባ ደልድል» ይለዋል።

«አባ ደልድል! ልጆቹ በዚህ ገንዳ አለቁ። ክረምቱ ደጅ ደርሷል፤ ምነው አንድ ቢሉን?»

ጎሹ ክፉ አይደለም። ቀንዱን ዝቅ አድርጎ ሰማት፣ ከልቡ አዘነ፣ ጉባኤም ጠራ። ሽማግሌው ሁሉ ወንዙ ዳር አሸዋው ላይ ተሰበሰበ።

መጀመሪያ ቀበሮ ተነሣ። ቀበሮ አፈ ቅቤ ነው፤ ሲናገር ዝንብ እንኳ ቆማ ታዳምጠዋለች።

«የዛሬ ልጆች ተበላሹ!» አለ። «እኛ በልጅነታችን እንዲህ ነበርን?»

«አልነበርንም!» አሉ ሁሉም። ገንዳውን መጀመሪያ ያሳየው የገዛ አያቱ መሆኑን አንዱም አላስታወሰ።

«ይህን ያመጣብን የማዶው ጫካ ነው!»

ተጨበጨበ። የማዶው ጫካ እንኳን ገንዳ ሾላም የለው፤ ግን ተጨበጨበ።

«እሺ፣ አሁን ምን ይሁን?» አለች ማንጠግቦሽ። «ገንዳው በአፈር ይደፈናላ! የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።»

ያን ጊዜ ጉባኤውን ሳል ያዘው። ጎሹ ሳለ። ቀበሮ ሳለ። አያ ከርከሮ ከሁሉ አብልጦ ሳለና፣ «ኧረ እትዬ፣ መድኃኒት ይደፈናል እንዴ? ሆዳችንን ሲቆርጠን የት እንድረስ?» አለ።

ቀበሮ እንደገና ተነሣ። «መላው እኔ ዘንድ ነው። ልጆቹ የሚጠጡት ገንዳው ውስጥ ስላገኙ ነው። ካጡ ምን ይጠጣሉ? ስለዚህ እኛ ሽማግሌዎቹ በየማታው ተሰብስበን ጥርግ አድርገን እንጠጣላቸው። ለልጆቻችን ስንል!»

ከርከሮ እንባው መጣ። «መሥዋዕትነት ማለት ይህ ነው» አለ።

ያ ጉባኤ ለአንድ የውሃ መውረጃ መንገድ ክረምት ከበጋ የተከራከረ ጉባኤ ነው። ይህኛው ውሳኔ ግን ከርከሮ አፍንጫውን እስኪጠርግ እንኳ አልቆየም፤ ጸደቀ። ስምም ወጣለት፦ «የልጆች ጠባቂ፣ የገንዳ አድራቂ ሽማግሌዎች ማኅበር»። ቆቅ ቁጥቋጦዋ ውስጥ ሆና፣ «ድመት ለወተት ዘብ ቆመች በሉኛ!» አለች።

በማግስቱ ማድረቁ ተጀመረ። ሽማግሌዎቹ እንደየማዕረጋቸው ገንዳውን ከበው ተቀመጡ። ጎሹ ገንዳው ጠርዝ ላይ የተቀመጠውን መቅጃ ቅል አየው፣ ቀበሮም ቅሉን አየው፤ የነካው ግን የለም። በዚያ ጫካ ሽማግሌ ለራሱ ቀድቶ ቢጠጣ ነውር ነው። ቆሞ የሚያሳልፍ ልጅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ልጆቹ ተጠሩ።

እጅ ያላቸው፣ የጉሬዛና የጦጣ ልጆች፣ አሳላፊ ሆኑ። ሰኮና ያላቸው ቅል አጣቢ ሆኑ፤ በሰኮና ቅል አይታጠብምና በምላሳቸው አጠቡት። የአሳላፊን ወግ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ለታላቅ ሲሰጥ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ነው የሚሰጠው። ሳይቀምስ ቢሰጥ «ምን ጨምረህበታል?» ይባላል። አንዳርጌም ለጎሹ ቀመሰ፣ ለቀበሮ ቀመሰ፣ ለከርከሮ ቀመሰ። ሽማግሌ በደገመ ቁጥር እንደገና ይቀመስለታል፤ ከርከሮ ደግሞ መድገም ይወዳል።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጎሹ ገንዳው ውስጥ አፍንጫውን ከትቶ አየና «ደረቀ!» ብሎ አወጀ። ሽማግሌዎቹ እየተደጋገፉ፣ እየዘፈኑ ወደየቤታቸው ገቡ። ሾላው ግን ማኅበሩን አልሰማ፤ ፍሬውን ሲያዘንብ አደረ። በማግስቱ ገንዳው ሞልቶ ጠበቃቸው።

«ጠላት አይተኛም» አለ ቀበሮ፣ ቦታውን እየያዘ።

ማንጠግቦሽ መጀመሪያ ሰሞን ደስ ብሏት ነበር። «ልጄ ከታላላቆቹ ጋር ነው የሚውለው፤ ምርቃት እየተቀበለ ነው» ብላ አስወርታለች። ምርቃቱስ እውነት ነው፤ ቅል ባቀበላቸው ቁጥር «እደግ፣ ተመንደግ» ይሉት ነበር። አንድ ማታ ግን ልጁ ሲመለስ ቅርንጫፉን ስቶ የእናቱን ጅራት ይዞ ተንጠለጠለ።

«አንተ! ምን ሆነሃል?»

«ምንም እማዬ፤ ሲመርቁኝ ነው የዋልኩት» አለ አንዳርጌ፣ አፉ እየተሳሰረ።

ማንጠግቦሽ ነጋ አልነጋ ብላ ጎሹ ዘንድ ወረደች። «አባ ደልድል፣ ልጆቹን ከገንዳው ያርቁልኝ ብል አምጥተው አጠገቡ ገተሯቸው!»

«አልጠጡም እኮ፤ ቀመሱ እንጂ» አለ ጎሹ። ራሱን እያመመው ነበር። «ቀምሶ መስጠት የአባቶች ወግ ነው። ወግ እናፍርስ ነው የምትይኝ?»

«ወጉ ይኑር፤ መጠጡ ይቅር።»

«መጠጡ ከቀረ ወጉ በምን ይከበራል?» አለ ከአጠገቡ የተጋደመው ከርከሮ። ይህ ታላቅ ጥያቄ ሆነና ክርክሩ እዚያው ተዘጋ።

እንዲህ እንዲህ ሲል ከላይ ደጋው ጠቆረ። ነጎድጓዱ ሆዱን እንደቆረጠው ሽማግሌ ያጉረመርም ጀመር። የጉሬዛ ወገን «ነገ ጠዋት እንሻገራለን» ብሎ ተነጋገረ። ሽማግሌዎቹም ይህን ሰምተው፣ ክረምቱ ሳይገባ ለመጨረሻ ጊዜ ገንዳውን በደንብ እናድርቅ ብለው በጊዜ ተሰበሰቡ።

አንዳርጌ ሊሄድ ሲነሣ እናቱ ያዘችው።

«ዛሬ እዚህ ቁጭ ትላለህ።»

«ማን ሊያሳልፍላቸው? ይቀየሙኛል እኮ!»

«እኔ አለሁ» አለችው። ነጭ ጸጉሯን አበጠረች፤ ወርዳም ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች። «ልጄን ተክቼ መጥቻለሁ። ወጋችሁን አላፈርስም።»

«እናት ማለት እንዲህ ናት!» አሉ።

ለጎሹ ቀዳች፤ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀምሳ ሰጠች። ለቀበሮ ቀዳች፤ ቀመሰች። ለዙሪያው ሁሉ ቀዳች፣ ቀመሰች። ከርከሮ ደገመ፤ ቀመሰች። ከርከሮ ሰለሰ፤ ቀመሰች። ከዚያ ምላሷ ተፈታ።

«አያ ቀበሮ! በልጅነትህ እንዲህ አልነበርክም? ከዚሁ ገንዳ በጅራትህ ጎትታ ያወጣችህ እናቴ አይደለችም?»

ቀበሮ ጅራቱን ሰብስቦ ተቀመጠበት።

«አባ ደልድል! ትናንት ማታ ቤቴ ነው ብለው የጃርት ጉድጓድ ውስጥ ራስዎን የከተቱ እርስዎ አይደሉም? ቀንድዎን ከጉድጓዱ ያላቀቁልዎት ልጆቹ አይደሉም?»

«ይህን ማን ነገረሽ?» አለ ጎሹ ደንግጦ።

«እኔ ነኝ!» አለች ቆቅ ከቁጥቋጦው። አልቻለችም፤ ሙያ በልብ ነው ቢሏትም አይሆንላትም።

ሽማግሌዎቹ ሊስቁ አፋቸውን ሲከፍቱ ከላይ ጩኸት ተሰማ። «ጎርፍ! ጎርፍ መጣ! ተሻገሩ!»

ማንጠግቦሽ እስከ ነገ ይበርድልኛል ብላ ነበር የቀመሰችው፤ ጎርፍ ግን ቀጠሮ አያከብርም። ጉሬዛዎቹ እየተከታተሉ ዘለው ዝግባው ላይ አረፉ። እሷ እየተንሸራተተች ሾላው ጫፍ ወጣች። ልጇ ብቻውን ቆሞ ይጠብቃታል። ወደ ማዶ አየች፤ ዓይኗን ጨፍና እንደገና አየች።

«አንዳርጌ፣ ዝግባው መቼ ነው ሁለት የሆነው?»

ከታች ያሉት ሽማግሌዎች ቀና ብለው አዩ። ሳቁ አፋቸው ላይ ደረቀ።

«እዩኝ!» አለቻቸው ከላይ። «ዕድሜዬን ሙሉ የዘለልኩት እኔ ነኝ እንዲህ የሆንኩት! እናንተ እዚህ ልታቆሙት የነበረው ገና አንድ ጊዜ ያልዘለለውን ልጄን ነው!»

«እማዬ፣ አትዝለዪ!» አለ አንዳርጌ።

«አንተ ቅደም። ዛሬ አልቀመስክም፤ እግርህ የራስህ ነው። ዝለል!»

ልጁ ዘለለ። ማዶ ያለውን ቅርንጫፍ አንድ አድርጎ ስላየው አንዱን ያዘ። ዞሮም እጁን ዘረጋና «ነይ፣ በድምፄ ነይ!» እያለ ይጮህ ጀመር። ውሃው የሾላውን ሥር መታው፤ ማንጠግቦሽ የምትቆይበት ጊዜ አልነበራትም። ዘለለች። ዘለለችና የሌለውን ቅርንጫፍ ያዘች።

ሌሎቹ ሽማግሌዎች ወደ ዳገቱ ሲሸሹ ጎሹ ግን ውሃው ውስጥ ገብቶ፣ ያን ጊዜ ወንዙ መካከል ደርሶ ነበር። ሐፍረት ከቀዝቃዛ ውሃ ይበልጥ ስካር ያበርዳል ይላሉ፤ እሱ ሁለቱንም አገኘ። ማንጠግቦሽ ቀንድና ቀንዱ መካከል ጧ ብላ አረፈች። ጎርፉ አንገቱን እየመታው፣ እየተንገዳገደ ይዟት ወደ ማዶ ወጣ።

«አባ ደልድል» አለችው ቀንዱን እንዳቀፈች፣ «አንድ ነዎት ሁለት?»

«አንድ ነኝ መሰለኝ» አለ ጎሹ እያለከለከ። «ዛሬስ እኔም እንጃ።»

ክረምቱ አልፎ ወንዙ ሲጎድል ገንዳው እንደ ድሮው ብቅ አለ። ጎሹ ማንንም ለጉባኤ አልጠራም። በቀንዱ አፈር እየዛቀ ደፈነው። ሽማግሌዎቹ መጥተው ዙሪያውን ቆመው እንደ ልማዳቸው ይስሉ ጀመር።

«ሳሉ» አላቸው ጎሹ። «ሳል አይገድልም። ለልጅ ክፉ የሆነ ለእኛ መድኃኒት ነው ማለት ከዛሬ ወዲያ ቀረ።»

የሾላውን ፍሬ ሳይፈላ ትኩሱን መብላት ሆነ። ምሽቱ ግን ሽማግሌዎቹን ረዘመባቸው። ምን ያድርጉ? ወደ ልጆቹ ሄዱ። ጎሹ ዋና ያስተምር ጀመር፤ አንዳርጌ ከሱ ለሚያንሱት ዝላይ ያሳያል፤ ቀበሮ የድሮ ታሪክ ያወራል፤ «እናቴ በጅራትህ የጎተተችህንም ንገራቸው እንጂ» እያለች ማንጠግቦሽ ታርመዋለች። ልጆቹ ሲስቁ ጫካው ይነቃነቃል። ጉዱ ደግሞ ይህ ነው፤ ገንዳው ከተደፈነ ወዲህ ያንን ሁሉ ሽማግሌ ሆዱን ቆርጦት አያውቅም።

አንድ ምሽት ግን አያ ከርከሮ የተደፈነው ገንዳ አጠገብ ብቻውን ተጋድሞ ሲተክዝ ቆቅ አየችው። መቼም አይታ አታልፍም።

«አያ ከርከሮ፣ ምን ሆነሃል? ልጆቹ ዳኑ እኮ! ያንተውም ከጥላው ታርቆ አብረው ይሄዳሉ።»

«ዳኑ፤ እሰየው» አለ ከርከሮ፣ አፈሩን በአፍንጫው እያሸተተ። «ልጆቻችንን እንደምንወድ በየጉባኤው ስንናገር ኖረናል። የምንጠማው እኛ መሆናችንን ግን ቀድሞ የነገረን የለም።»