ፀሐይ ላይ የተዘረጋ ልብ

ጂንካ ውስጥ በሽተኛ የሚጠየቅበት ወግ መቀየሩን ልብ ብላችኋል? ድሮ ብርቱካን ይዘን ሄደን፣ «እግዜር ይማርህ» ብለን፣ ስለ ዝናቡ አውርተን እንመለስ ነበር። ዛሬ ሁላችንም የራጅ ፊልም አንባቢ ሆነናል።

ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ባለሱቁ፣ ደረቱን ጭምድድ አድርጎ ቢይዘው አዲስ አበባ ሄዶ ሲቲ ስካን ተነሣ። «አንዱ የልብህ ደም ሥር ጠቧል» ተባለና መድኃኒቱንና ፊልሙን ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ጠያቂው ሁሉ ሱቁ ደጃፍ ላይ ፊልሙን ወደ ፀሐይ እየዘረጋ ይመረምር ጀመር። ስኳር ሊገዛ የመጣው «የጠበበችው ይቺ ጥቁሯ ናት» ይላል። ጡረተኛው መምህር መነጽሩን ጠርጎ ብዙ ካየ በኋላ፣ «የአጎቴ ከዚህ ይብሳል፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ ጥሬ ሥጋ ይቆርጣል» ብሎ አጽናናው።

በመጨረሻ ዳገቱ ላይ ካለችው ከገዘር ገበሬው አቶ ጴጥሮስ መጣ። ሚኒባስ ባልነበረበት ዘመን እሱና ጋሽ ታደሰ ጨው በአህያ ጭነው የገዘርን ዳገት አብረው ይወጡ ነበር። ፊልሙን ሲሰጡት አልተቀበለም።

«ሐኪሙ ምን አለህ?»

«መድኃኒትህን ሳታቋርጥ ዋጥ፣ ቀስ እያልክም በእግርህ ሂድ አለኝ።»

«ታዲያ ትሄዳለህ?»

«እንዴታ። በየጠዋቱ በባጃጅ ሜዳው ድረስ እሄድና እዚያ እራመዳለሁ።»

አቶ ጴጥሮስ ክንዱን ያዘው። «ድሮ ዳገቱን ቀድመህ ወጥተህ ዛፍ ሥር የምትጠብቀኝ አንተ አልነበርክም? ዳገቱ ይቅርና እስከ ድልድዩ እንሂድ። ዛሬ እኔ እጠብቅሃለሁ።»

እኛም ፊልሙን ትተን ሁለቱ ሽማግሌዎች ወደ ድልድዩ ሲሄዱ አየን። ጋሽ ታደሰ ትንፋሽ አጥሮት በቆመ ቁጥር፣ አቶ ጴጥሮስ ጫማው ውስጥ ጠጠር እንደገባበት ሰው ጎንበስ ይል ነበር።