ለሴት አውቶማቲክ ይበቃታል

ለሴት አውቶማቲክ መኪና ይበቃታል የሚል ወንድ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንዱን ሃያ ዓመት ችዬዋለሁ፤ የሟቹ ባለቤቴ ወንድም ጌታሁን ነው። ዘንድሮ የመኪናዬን ሞተር በትልቅ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮዋንም በማንዋል አስቀየርኩ። ይህን ሲሰማ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ።

"እትዬ፣ ዳገት ላይ ስትንሸራተትብዎ ጎማዋ ሥር አስገባልዎታለሁ።"

አመስግኜ እሱንም ድንጋዩንም ጫንኳቸው። የቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ስንወጣ መንገዱ ተዘጋጋና ቆምኩ፤ ከዚያ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቅቄ ያለ ድንጋይ ተነሣሁ። ይህ ለወንድ ልጅ ይዋጣል?

"እስቲ እኔ ልንዳት" አለ።

እዚያው ዳገቱ ላይ ዳር ይዤ መሪውን ሰጠሁት። ገና ሊነሣ ሲል ሞተሩ ጠፋ፤ መኪናዬ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ጌታሁን ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረግጦ፣ "እትዬ፣ ድንጋዩን!" ብሎ ጮኸ።

ወርጄ አስገባሁለት። ሃያ ዓመት የታገሠች ሴት ግን ምን ያጣድፋታል?