መርዶ ነጋሪው ፕሮግራም

የእኛ አገር ሰው መልእክት ይዞ ሲመጣ ዘሎ አይናገርም። ስለ ዝናቡ ይጠይቃል፣ ስለ ከብቱ ይጠይቃል፣ የገብሱን ቡቃያ ያነሳል። የሞት ወሬ ከሆነማ ማን ይናገር፣ መቼ ይነገር፣ ማን አጠገብ ይቀመጥ ተብሎ ይመከርበታል። ይህን አጥቼው አይደለም፤ የላስታ ልጅ ነኝ። ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ግን እረሳዋለሁ።

ላሊበላ ውስጥ መንገደኛ ከጋሸና በመኪና የሚያመጣ፣ እኔም የምሠራበት አንድ ቢሮ አለ። ተሳፋሪው የሚመዘገበው አዲስ አበባ ባለ ሌላ ቢሮ ነው። የሁለቱ ሲስተም ስለማይግባባ እኔ ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኩት ፕሮግራም መሐል ቆሞ ያስማማቸዋል። መልእክቱ በሚያልፍበት በር ላይ ደግሞ የራስን በረኛ፣ ማለትም አንዲት ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ማቆም ይቻላል፤ እያንዳንዱን መልእክት ከፍቶ ያያል፣ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ በረኛዬን ጨዋነት አስተማርኩት። የጉዞውን ምክንያት እያየ ለሠርገኛው «እንኳን ደስ ያለዎት»፣ ለለቀስተኛው «እግዜር ያጽናዎት» እያለ በስልካቸው ይልካል። ምን ክፋት አለው?

ወይዘሮ ይመኙ የሚባሉ እናት ከአዲስ አበባ ወደ ገነተ ማርያም ሲመጡ ወንበር ያስያዘላቸው የእህታቸው ልጅ ነበር። ለእርሳቸው «ወንድምዎን ትንሽ አሟቸዋል» ብሏቸዋል። የጉዞ ምክንያት በሚለው ቦታ ግን እውነቱን ጻፈ፦ የወንድም ለቅሶ። ቅጽ ላይ ማን ይዋሻል?

ጋሸና ከአውቶቡስ ወርደው የእኛ መኪና ውስጥ እንደተቀመጡ ስልካቸው ጮኸ። «በወንድምዎ ሞት የተሰማንን ሐዘን እንገልጻለን። እግዜር ያጽናዎት።» መልእክቱን ከፍተው አዩትና ስልኩን ለሾፌራችን ለሞላ ዘረጉለት።

«እስቲ አንብብልኝ ልጄ፣ ምን ይላል?»

ሞላ አነበበ። «እንኳን ደህና መጡ፣ መልካም ጉዞ ይላል እማማ» ብሎ መለሰላቸው። ከዚያ ጎማ አያለሁ ብሎ ወረደና ደወለልኝ።

«ይህን የላከው ሰው ነው ማሽን?»

«ማሽን ነው» አልኩት።

«ማሽኑን ማን አዘዘው?»

ሞላ ጃቫ አልተማረም። መልእክት ግን እንዴት እንደሚያዝ ያውቃል፤ እኔ ለወራት የደከምኩበትን እርሱ አንድ ጊዜ ስልኩን አይቶ ሠራው። የዚያኑ ዕለት የበረኛዬን ጨዋነት ሰረዝኩት። አሁን የለቅሶ ጉዞ ሲመዘገብ በረኛው አንዲት ቃል ሳይጨምር ለሾፌሩ ብቻ ያደርሳል።

ወይዘሮ ይመኙን ሽማግሌዎች በማግሥቱ ንጋት ላይ በወጉ አረዷቸው። በሦስተኛው ቀን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ያን መልእክት ያስላክሁት እኔ ነኝ አልኳቸው።

«አንብቤዋለሁ» አሉኝ።

«ታዲያ ለሞላ ለምን ሰጡት?»

«ሌላ ሰው ሲያነበው ሌላ ይሆን እንደሁ ብዬ ነዋ።» ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። «እርሱም ሌላ አደረገልኝ። ወንድሜን አንድ ሌሊት አኖረልኝ። ሽማግሌዎቹም ሊያረዱኝ ሲመጡ እንዳያፍሩ ብዬ እንደ አዲስ ሰማሁ። ለቅሶዬ ግን የእውነት ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንተም ልጄ፣ ቀድሜ እንደሰማሁ ለማንም እንዳትናገር።»

ቃል ገባሁላቸው። ከእናንተ በቀር ለማንም አልተናገርኩም።