ሳልቅም የመረቀንኩበት ሳምንት

የታመመ መጠየቅ ደግ ነገር ነው። እኔም ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ ብርቱካን አንጠልጥዬ ሄጃለሁ፣ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ወሬ ስሰልቅ አምሽቻለሁ። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፣ የታመመው ራስ ሲሆንስ? እግሩ የተሰበረን ሰው አሥር ጠያቂ ከቦት ቢያወራ፣ እግሩ አይሰማም። ራስ ግን ጆሮ አለው።

የኔን ራስ የጤና ባለሙያዋ ማይግሬን ብላዋለች። ስሙ ያምራል፤ ጠባዩን ግን ለጠላትም አይስጥ። በወር ሦስት አራት ጊዜ ከግራ ዓይኔ ጀርባ ይነሳና ብርሃንም ድምፅም ጠላቴ ይሆናሉ። መድኃኒቴን ውጬ ጨለማ ውስጥ ጸጥ ብዬ ከተቀመጥኩ ግን ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ይለቀኛል። ጨለማውስ ይገኛል፤ ጭሮ ገበያ አፍ ላይ ሱቅ ላለው ልብስ ሰፊ ጸጥታ ከየት ይመጣል? «አሞኛል» ያልኩ ቀን አንዱ ፌጦ፣ ሌላው ዳማከሴ ይዞ ይመጣል፤ ከበደሳ ከተማ ድረስ የመጣ ደንበኛ ሳይቀር ግንባሬን እየዳበሰ አክስቱን ምን እንዳሻላት ይተርክልኛል። ሁሉም ጮክ ብሎ። ወድደውኝ እኮ ነው! እሱ ነው የሚብሰው።

ባለፈው ዓመት አንድ የገለምሶ ጫት ነጋዴ፣ ሐጂ የምንላቸው፣ ለልጃቸው ሰርግ የሙሽራውንና የሚዜዎቹን አምስት ሙሉ ልብስ አዘዙኝ። ሰርጉ እሑድ፣ ልብሱ ለሐሙስ። እንዲህ ያለ ሥራ ለልብስ ሰፊ ስም ነው፤ ካማረ ገለምሶ በሙሉ የኔ፣ ከዘገየ ደግሞ የገለምሶ ሁሉ መሳቂያ። ሐጂ ደግሞ ጨርቃቸውን ታማሚ እጅ ላይ አያቆዩም ይባላል። ሰኞ ከሰዓት ራሴ ተነሳብኝ። ለማንም ትንፍሽ ሳልል የቆርቆሮውን በር ገርበብ አድርጌ፣ ግንባሬን በሻሽ ጥፍር አድርጌ አስሬ፣ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

ጎረቤቴ ሻይ ሻጯ ፋጡማ አጮልቃ አየችኝ። ምንም ሳትጠይቀኝ ወደ ደጅ ዞራ፣ «ዲሳ! ተዉት፣ መርቅኗል» አለች።

እኔ በዚህ አገር ጫት የማልቅም ብርቅ ሰው ነኝ። ታዲያ መርቅኖ በሐሳብ ጭልጥ ያለን ሰው እኛ ጋ ማንም አይነካውም፤ ሐሳቡን መበተን ነውር ነው። ደንበኞቼ እየተንሾካሾኩ ተመለሱ። ፋጡማ ሬዲዮዋን ሳይቀር ቀነሰችልኝ። ስንት ዓመት በሕመሜ ያጣሁትን ጸጥታ ባልቃምኩት ጫት አገኘሁት! ላስተባብል አሰብኩ፤ እውነቱን ለመናገር ብዙም አላሰብኩም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ራሴ ለቆኝ እያንጎራጎርኩ እሰፋ ነበር። ረቡዕም ተነሳብኝ፤ ረቡዕም መረቀንኩ።

ይኸኔ ሐጂ ከገለምሶ ከተፍ አሉ። ፋጡማ «መርቅኗል» ብትላቸውም ገቡ፣ በሩን ከኋላቸው መለስ አደረጉ፣ አጠገቤ ተቀመጡ። ጉንጬን አየት አድርገው በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

«ጉንጭህ ባዶ ነው። የሚያምህ ግራው ነው ቀኙ?»

«ግራው ነው፣ ሐጂ» አልኩ፣ በቃ ጨርቁ ሄደ ብዬ።

«የኔ ቀኙ ነው። ወላሂ፣ ጫት ሸጬ አደርኩ እንጂ ቅሜ አላውቅም። ሲያመኝ መጋዘን ገብቼ እዘጋለሁ። ሰዉ ሐጂ መርቅነዋል ይላል። ይበል!»

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፤ ሕመሜን የሚያውቅ ሰው አገኘሁ። ልብ ልብ አለኝና፣ «እንግዲህ እርስዎ ያውቁታል። የሁለቱን ሚዜዎች ልብስ ዓርብ ባደርሰውስ?» አልኳቸው።

ሐጂ ተነሡ። የላላውን ሻሼን በገዛ እጃቸው ጠበቅ አድርገው አሰሩልኝ።

«በዚህ ራስ ሃያ ዓመት ነግጃለሁ» አሉ። «ሐሙስ።»

ሲወጡም ደጅ ለቆመው ሁሉ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም በሉ አሉልኝ። ሐሙስ ጠዋት አምስቱም ልብስ ተተኩሶ ተሰቅሎ ነበር።