ለሲዝን ሁለት የተሳልኩት ጃንጥላ

ሁለተኛ የሚባል ነገር ባይኖር የሰው ልጅ ደስ ብሎት ይኖር ነበር። ከፈለጋችሁ ተከራከሩኝ። መጀመሪያ የመጣው ነገር ሁሌም ያምራል፤ «ይደገም» ብለን የምናበላሸው እኛ ነን። እኔ ይህን የተማርኩት ከአንድ የጃፓን አኒሜ ሲሆን ትምህርቱም ባለ ወርቅ ዘርፍ የከፋይ ጃንጥላ ፈጅቶብኛል።

አኒሜው ስለ አንድ ጎራዴ ያነገበ ልጅና ስለ ዘንዶው ነው። «ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ካርቱን ያያል?» ብላችሁ እየሳቃችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ሳቁ፤ ቤተሰቦቼም ስቀው ጨርሰዋል። የመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ሲዝን አንድ የሚሉት፣ ግን ምን ልበላችሁ... የዘንዶው ቅርፊት አንድ በአንድ ተሥሏል። እሳት ሲተፋ እኔን ሳሎን ውስጥ ይሞቀኝ ነበር። በመጨረሻ ዘንዶው በቀስት ተወግቶ፣ ልጁን እንደተሸከመ ገደል ሲገባ... አለቀ! ከዚያ ዓመት ሄዶ ዓመት ቢመጣም ልጁ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ታዲያ በቁስቋም ማርያም ንግሥ ዕለት፣ ታቦቱ ሲወጣ፣ ሕዝቡ ሁሉ በየጉዳዩ ይሳላል። ከፊቴ ያለችው ሴት፣ ልጅ እንዲሰጣት ትለምናለች፤ ከኋላዬ ያለው ጎረምሳ ቪዛ። የእኔ አፍ ደግሞ ሳላዘው «እመቤቴ፣ ሲዝን ሁለት ይምጣልኝ እንጂ ጃንጥላ አስገባለሁ» አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ብቻዬን ብሆን ደህና፤ እናቴ ግን አጠገቤ ነበረች። ከማድ ቤት ስጠራት የማይሰማው ጆሮዋ፣ የስለት ነገር ሲሆን ሹክሹክታ አያመልጠውም።

ሲዝን ሁለት መጣ። ሳሎን ውስጥ ስዘል እናቴ ብቅ ብላ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። ነገርኳት። እልልታውን ሳትጨርስ «ጃንጥላውስ?» አለች።

«ቆይ እማዬ፣ መጀመሪያ ልየው።»

«ስለት የተገባለትን ነገርማ እኔም አያለሁ» ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።

ያየነውን አይቶ ዝም ማለት ይከብዳል። ልጁ ከገደሉ እንዴት እንደወጣ ሳይነግሩን ትምህርት ቤት ገብቷል። ገብቶም ያወራል፤ ደግሞ ያወራል። ዘንዶው ከበር ውጭ በድምፅ ብቻ ያገሳል፤ የሚሥለው ሰው ፈቃድ ወጥቶ መሆን አለበት። በስንት መከራ ጦርነቱ ደረሰ ስንል፣ ልጁ የተቀመጠበት ፈረስ ባለበት ደርቆ ቆመና ከጀርባው ያለው ተራራ ሮጠ።

«ልጄ» አለች እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄ ፈረስ አሞታል እንዴ?»

ተናደድኩ። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅኩት ለዚህ ነው? ለቆመ ፈረስ ጃንጥላ አላስገባም ብዬ ወሰንኩ። ችግሩ፣ ቁስቋም ግርጌ ያደገ ሰው ስለት አስቀርቶ እንቅልፍ አይወስደውም። እንቅፋት ሲመታኝ «ጃንጥላው ነው» እላለሁ። መብራት ሲጠፋ፣ ታክሲ ሳጣ፣ አለቃዬ ሲቆጣኝ... ጃንጥላው ነው። በመጨረሻ ከስለቱ ይፈቱኝ እንደሆነ ብዬ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ።

«አባ፣ ስለቴ ሰመረ ለማለት ይከብዳል። የመጣልኝ ነገር ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።»

«ምን ብለህ ነበር የተሳልከው?»

«ይምጣልኝ ብዬ።»

«መጣ?»

«እ... ማለቴ፣ መምጣቱንስ መጥቷል።»

«አምሮ ይምጣ ብለሃል?»

«አላልኩም።»

«እንግዲህ እመቤታችን የለመንካትን አድርጋለች። የቀረው የሠዓሊዎቹ ነው» ብለው መስቀል አሳለሙኝ።

ምን ይባላል? ጃንጥላውን ገዝቼ በንግሡ ቀን ከእናቴና ከአባቴ ጋር ዳገቱን ወጣሁ። በሩ ላይ አንዲት የማላውቃቸው እናት ጃንጥላውን አይተው «ምን ተደርጎልህ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ለዓመታት የጠበቅኩት ነገር መጣልኝ፣ እማማ።»

እልልታቸውን ሲያቀልጡት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በዙሪያቸው ያሉትም ተቀበሏቸው። እውነቱን ልናገር፣ አፈርኩ፤ ደግሞም ደስ አለኝ። ሠዓሊዎቹ በሕይወታቸው እንዲህ ያለ እልልታ የሚሰሙ አይመስለኝም።

ቁልቁለቱን ስንወርድ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ስለትህን አድርሰሃል፤ እፎይ በል። አሁን ደግሞ ለሚስት ተሳል።»

«እሺ እማዬ።»

«ስትሳል ግን ‹ትምጣልኝ› ብቻ ብለህ እንዳትተወው። ያገኘህን አይተሃል። ‹ሲዝን ሁለትም እንደ ሲዝን አንድ ይመር› ብለህ ጨምርበት።»

ፊት ፊት ሲሄድ የነበረው አባቴ ዘወር አለ። «ይሄን ደግሞ ማን ነገረሽ?»

«ማንም» አለችው። «ለአንተ ስሳል የነገረኝ ሰው ቢኖርማ ኖሮ...»