የታጠበ ቆሻሻ

የደብረ ታቦር ሰው ሲሰጥ ቀልድ አያውቅም። አሮጌ ጋቢ ለምስኪን የሚሰጠው እንኳ አጥቦ፣ አድርቆና አጣጥፎ ነው፤ በዚያ ላይ «ትንሽ ስለሆነ ይቅርታ» ይጨምርበታል። ሁለት ቀን ሙሉ ሲጸዳ ወደሰነበተ ቤት ያስገቧችሁና «አይ፣ ቤቱም እንዳልተጠረገ ነው» ይሏችኋል፤ እናንተ ደግሞ ጫማችሁን የት እንደምታሳርፉት ጠፍቷችሁ እንደ ዶሮ በአንድ እግር ትቆማላችሁ። ደግ ባህል ነው። እኔን ግን ከእንጀራዬ ሊያፈናቅለኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

እኔና ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተናል። ከዚያ ወዲህ ያልሞከርኩት የለም፤ ገሳይ ከተማ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆኛለሁ፣ ባጃጅ አጥቤያለሁ፣ በገበያ ቀን የድንች ጆንያ ተሸክሜያለሁ። በመጨረሻ ጋሪ ይዤ ከየቤቱ የወጥ ቤት ቆሻሻ መሰብሰብ ጀመርኩ። ቆሻሻው ከተማው ዳር ወዳለ ጣቢያ ይሄዳል፤ እዚያ በተዘጋ ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ተብላልቶ ጋዝ ይወጣዋል፤ ጋዙም በቧንቧ ሄዶ አጠገቡ ላሉት የአብነት ተማሪዎች የማብሰያ እሳት ይሆናል። መጀመሪያ ሲነግሩኝ ሳቅኩ። ከድንች ልጣጭ እሳት! ግን ደመወዝ ያለው ነገር ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል ብዬ ጋሪዬን ገፋሁ።

ምድጃው የሚለኮስበት ቀን ደረሰና ጣቢያውን በገንዘብ የሚደግፉት እንግዶች መጡ፣ ወንበር ተደረደረ። የጣቢያው ቴክኒሻን ሀብታሙ ክብሪት ጫረ። ምድጃው «ፉት» አለና ጠፋ። ሌላ ክብሪት። ዝም። ሦስተኛው ክብሪት ብቻውን ነድዶ የሀብታሙን ጣት ሲለበልበው ሁላችንም በአክብሮት ተመለከትን። ከእንግዶቹ መካከል ትልቁ ሰውዬ ሲነሱ፣ «በሦስት ሳምንት እንመለሳለን። ያኔም ካልነደደ ጉድጓዱ ይደፈናል፣ ጋሪውም ይቆማል» አሉ። ጋሪው ማለት እኔ ነኝ።

ሀብታሙ የጉድጓዱን አፍ ከፍቶ አሸተተና ዞረብኝ።

«አንተ፣ ጋሪህን በምንድን ነው የምታጥባት?»

«ጋሪ ይታጠባል እንዴ?» አልኩት። ከልቤ ነበር።

«በረኪና ይሸታል! ውስጥ ያሉትን ጨረስካቸው!»

ለካ ጉድጓዱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረታት አሉ፤ ቆሻሻውን የሚበሉትም፣ ጋዙን የሚያወጡትም እነሱ ናቸው። በረኪና ደግሞ መርዛቸው ነው። ከኔ የማያንስ ሠራተኛ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ያወቅሁት ካለቀ በኋላ ነው።

በማግስቱ በረኪናው ከየት እንደመጣ ላጣራ ከወትሮው ቀድሜ እማማ ጥሩዬ በር ደረስኩ። እማማ ጥሩዬ የሰፈሩ ጽዋ ማኅበር ራስ ናቸው፤ እሳቸው ሳይቀምሱት ጠላ አይቀዳም፣ እሳቸው «ይደረግ» ያሉትም ሳይደረግ አያድርም። በሩ ገርበብ ብሏል። አጮለቅሁ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ሦስት ሳፋ ደርድረው፣ የድንች ልጣጭ አንድ በአንድ ያጥባሉ! አንዱ ሳፋ ኦሞ፣ አንዱ በረኪና፣ አንዱ ንጹሕ ውሃ። እመኑኝ፣ ልጣጩ ገበያ ከሚሸጠው ድንች ይነጣል።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ምን አረግሁ? የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ለሚበላበት እሳት እድፍ ልስደድ? እንኳን እኔ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ እንዲያጥብ ነግሬያለሁ።» እጄን አዩት። «አንተም ታጠብ።»

አሁን እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እናት ለሚያህል ሰው «ቆሻሻዎን ከነእድፉ ይስጡኝ» ይባላል? እንደዚያ ብል ማታውኑ ሽማግሌ ይላክብኛል። ዙሪያዬን ሳይ ጥግ ላይ የጠላ ጋናቸውን አየሁ።

«እማማ፣ ጠላ ሲጠነስሱ ጋኑ ውስጥ በረኪና ጠብ ቢያደርጉበትስ?»

«በስመ አብ! ጥንስሱ ይሞታላ!»

«ጉድጓዱም ጥንስስ ነው። ውስጡ ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ነበሩ።»

የያዟትን ልጣጭ ቀስ ብለው አስቀመጧት።

«እኔ ነኛ የገደልኋቸው?»

«ባለማወቅ ነው፣ እማማ።»

«ስንት ይሆናሉ?»

«ተቆጥረው አያልቁም።»

«ነፍስ ይማር» አሉ፣ ቀሚሳቸው ላይ እጃቸውን እየጠረጉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማኅበርተኛው ማጠብ አቆመ። እፍረቱ ግን አልቆመም። ቆሻሻውን ነጠላ ሸፍነው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ የተሰረቀ ዕቃ እንደሚያሻግር ሰው ነበር የሚያቀብሉኝ። እኔና ሀብታሙም ትኩስ የላም እበት እንደ እርሾ እየጨመርን ጉድጓዱን አስታመምነው።

የቀጠሮው ዕለት ማለዳ፣ ጣቢያው ስደርስ አንድ ለጽዳት የተላከ ጎልማሳ የበረኪና ጠርሙስ ከፍቶ የጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል። «እንግዳ ይመጣል፤ ይሸታል» አለኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ከኋላዬ አንዲት መቋሚያ አየሩን ቀዘፈች። እማማ ጥሩዬ ናቸው፤ ያስጨረሷቸው ፍጥረታት መተካታቸውን በዓይናቸው ሊያዩ መጥተዋል።

«አንት ከይሲ! እናትህ ጠላ ጠምቃ አታውቅም?»

ጠርሙሱ በሰላም እጃቸው ገባ። እንግዶቹም መጥተው ተቀመጡ።

ሀብታሙ ክብሪት ጫረ። ምድጃው «ቡፍ!» አለና ሰማያዊ ነበልባል ተነሣ። የአብነት ተማሪዎቹ እልል አሉ፤ እኔም ጋሪዬን አቀፍኳት። ትልቁ እንግዳ ተገርመው፣ «እማማ፣ ምስጢሩ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። እማማ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ለነፍስ አባት እንደሚናዘዝ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«አለማጠብ» አሉ።

ካልደፈረሰ አይጠራም የሚሉት ለካ ለእኛ ጉድጓድ ኖሯል ብዬ እየተመጻደቅሁ ሰነበትኩ። ታዲያ ዛሬ ጠዋት ጋሪዬን እማማ ጥሩዬ ደጅ አቁሜ ጎረቤት ቤት የቆሻሻ ባልዲ ልቀበል ገባሁ። ስመለስ ጋሪዋ ታበራለች። ከጎማዋ እስከ እጀታዋ ውሃ ይንጠባጠባል፤ አንድ የማውቀው ሽታም አፍንጫዬን መታው።

«ቆሻሻውስ እሺ ይሁን» አሉኝ እማማ፣ ባዶ ጠርሙስ ይዘው ፈገግ እያሉ፤ «እሷ እንኳ ትጽዳ ብዬ ነው።»

ልጣጭ ላያጥቡ ቃል ገብተዋል። ስለ ጋሪው ግን ማንም አላነጋገራቸውም።